ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፤ ስለ እንዝርትና ስለ ፈትል መኪና

ለሰው ከምግብ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ልብስ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ልብስ ከመሸመኑ አስቀድሞ ክር መሆን እንዳለበት፤ ክርም እስኪሆን ድረስ ስንት እጅ እንደሚደክምበት አስቦ የሚለብስ ጥቂት ነው። ሸማኔው በገበያ ይታያል፤ ስለ ጥለቱ ይመሰገናል፤ ስለ እጁም ዋጋ ይከራከራል። ፈታይቱ ግን በጓዳ ስለምትቀመጥ ስሟን የሚያነሣ የለም። እኔም በሥራ ጉዳይ ወደ ወለጋ በወረድሁ ጊዜ፤ አገሩንና ከተማዎቹን ከማየቴ ጋራ ይህንኑ የፈትል ነገር እየመረመርሁ ሄጄ ነበርና፤ ያየሁትንና ያሰብሁትን በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ለማቅረብ ወደድሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ በሆለታ፤ በጊንጪ፤ በአምቦና በጉደር አልፎ፤ በጌዶ ደጋ ወጥቶ ወደ ባኮ ቆላ ይወርዳል። ከባኮ በኋላ በሲሬ በኩል እንደ ገና ሽቅብ ይወጣና ነቀምቴ ይገባል። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ በደጋው ጤፍና ስንዴ፤ በወረደ ጊዜ በቆሎና ማሽላ፤ ወደ ነቀምቴ ሲቃረብም የቡና ጥላ ዛፎች ይታያሉ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በወለጋ የደረሰው የጸጥታ መናወጥ መንገደኛውንና ነጋዴውን ብዙ ጊዜ ከመንገድ አስቀርቶታልና፤ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጠይቆ ቢነሣ ይሻለዋል።

ነቀምቴ የጥንት የሌቃ መኳንንት ከተማ ናት። ሞረዳ በከሬ በ1874 ዓ.ም. ለራስ ጎበና ዳጬ ያለ ውጊያ ከገበሩ በኋላ፤ ልጃቸው ኩምሳ፤ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፤ ተቀምጠው አገሩን ያስተዳድሩበት የነበረው ቤተ መንግሥት ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። በ1891 ዓ.ም. በስዊስ አገር የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአስቴር ጋኖ እየተረዱ የተረጐሙት ኦነሲሞስ ነሲብም በ1896 ዓ.ም. ወደዚችው ከተማ ገብተው ብዙ ሰው ፊደል አስተማሩ፤ በ1923 ዓ.ም. እዚሁ ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በዝቶ፤ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት። ቡናዋም “ለቀምት” እየተባለ በጥንቱ ስሟ በውጭ አገር ገበያ ይሸጣል። ይህን ሁሉ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማይቱ በመጽሐፍና በቡና ከዓለም ጋራ ስትቀላቀል፤ በጓዳዋ ያለው እንዝርት ግን ከሞረዳ ዘመን ወዲህ አንዲት ጋት ስንኳ ወደ ፊት አልሄደምና ነው።

በገበያ ቀን ወደ ነቀምቴ ገበያ የገባ ሰው፤ ከቅቤውና ከማሩ፤ ከበርበሬውና ከቡናው ወዲያ፤ በአንድ ወገን ጥጥና ፈትል ሲሸጥ ያያል። ጥጥ፤ በኦሮምኛ ጅርቢ የሚባለው፤ የቆላ ፍሬ ነው፤ የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎች ሙቀት ይስማማዋል። ሴቶቹ ጥጡን ገዝተው ወደ ቤት ይወስዱትና በመጀመሪያ ይዳምጡታል፤ ይኸውም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው የብረት ዘንግ እያንከባለሉ ፍሬውን ከጥጡ መለየት ነው። ቀጥሎ በደጋን ይነድፉታል፤ የደጋኑ ጅማት በተነካ ቍጥር ጥጡ እየተፈታ እንደ ደመና ይነፋል። ከዚያ በኋላ ባዘቶ ይሆንና ለእንዝርት ይዘጋጃል።

እንዝርት የሚባለው መሣሪያ ቀጭን ዘንግና በራሱ በኩል የተሰካ ክብ ነገር እንጂ ሌላ አይደለም። ፈታይቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፤ የባዘቶውን ጫፍ ከዘንጉ ጋራ አያይዛ፤ ዘንጉን በጭኗ ላይ በመዳፏ አንከባልላ ትለቀዋለች። እንዝርቱ በአየር ላይ ሲሾር፤ በሌላው እጅዋ የያዘችው ባዘቶ እየሳሳ ወደ ታች ይወርዳል፤ እየሳሳም ይከራል። ክንዷ እስከ ቻለ ድረስ ከዘረጋች በኋላ እንዝርቱን አቁማ የከረረውን በዘንጉ ላይ ታጠነጥነዋለች፤ እንደ ገናም ታሾረዋለች። እንግዲህ ልብ ብለን ብንመለከት መፍተል ማለት ሦስት ሥራ ነው፤ ማሳሳት፤ ማክረርና ማጠንጠን። እንዝርት ማሳሳቱንና ማክረሩን ባንድነት ያደርጋል፤ ነገር ግን ለማጠንጠን በየክንዱ ልክ መቆም አለበት። የሰው ድካም የሚባክነው በዚህ መቆም ነው። ከፈትል መኪና ሊቃውንት ብዙዎቹ የተዋጉት ከዚህ መቆም ጋራ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህንም ስል እንዝርትን ለማቃለል አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ልባሟን ሴት ሲያመሰግን እንዝርትን ይጠራል። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓሊዎችም የገብርኤልን ብሥራት ሲሥሉ እመቤታችንን እንዝርት አስይዘው ይሥላሉ፤ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ ስትፈትል ነበርና። እንዲህ ያለ ክብር ያለው መሣሪያ ቢሆንም፤ አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ብዙ ፈታዮች ሊደክሙለት ግድ መሆኑን አይለውጠውም። የሸማ ሥራ የሚጠበው በሸማኔው ጕድጓድ ሳይሆን በፈታይቱ ጭን ላይ ነው። ጠባቡ በር እዚያ ነው።

በነቀምቴ ከገበያው በስተ ጀርባ ካሉት ቤቶች ባንደኛው አንዲት ባልቴት በደጃፋቸው ተቀምጠው ሲፈትሉ አግኝቼ፤ ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የጨው የበርበሬያቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ከፈትል ነው። “አዴ፤ በቀን ስንት ልቃቂት ይፈትላሉ?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ሣቁብኝና፤ “ልጄ፤ ፈትል በቀን አይቆጠርም። ወጥ ከተጣደ በኋላ ይፈተላል፤ ሕፃን ሲተኛ ይፈተላል፤ እንዳንተ ያለ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እያጫወቱ ይፈተላል። ሲጠሩኝ ጥዬ እነሣለሁ፤ ስመለስ እቀጥላለሁ” አሉኝ። እኔም በወረቀት ላይ የሣልሁትን ባለ ብዙ እንዝርት መንኰራኵር አሳይቼ፤ በሌላ አገር ሴቶች በዚህ እንደሚፈትሉ ነገርኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ “ድሩን የሱቁ ክር ከወሰደብን ብዙ ዘመን ሆነው፤ የቀረን ማጉ ነው። ይህ መኪና መጥቶ ማጉንም የወሰደ እንደ ሆነ ለእኛ ምን ይተርፈናል? መኪናውስ የማን ይሆናል?”

ይህ የባልቴቲቱ ጥያቄ ከመሐንዲሱ ጥያቄ ሁሉ የሚቀድም መስሎ ታየኝ።

ስለ ድሩ የተናገሩት እውነት ነው። በአገራችን ያሉ ሸማኔዎች አብዛኞቹ ዛሬ ድሩን በፋብሪካ ክር ዘርግተው ማጉን በእጅ ፈትል ይሸምናሉ። ምክንያቱም ድር ተወጥሮ ሺህ ጊዜ ስለሚመታ ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል፤ በዚህ የፋብሪካ ክር ይበልጣል። ይህን ክር የሚፈትሉ ፋብሪካዎች በአገራችን መቆም የጀመሩት በድሬዳዋ በጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ የባሕር ዳሩም በጣልያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤትም የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነበር።

በእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የሚፈተልበትን መኪና ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ጥጡ በመጀመሪያ በብዙ ጥንድ ብረት ጥቅሎች መካከል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚዞር ጥጡ እየተሳበ ይሳሳል። የእጅ ጣት ይሠራው የነበረውን ብረት ሠራው ማለት ነው። የሳሳውም ጥጥ ወደ እንዝርቱ ሲወርድ፤ በእንዝርቱ ዙሪያ ባለ ቀለበት ላይ በምትሮጥ አንዲት ትንሽ የብረት ቍራጭ ውስጥ ያልፋል። ይህች ከጥፍር የማትበልጥ ቍራጭ ከእንዝርቱ ጥቂት ወደ ኋላ ስለምትቀር፤ ክሩ ባንድ ጊዜ ይከራልም ይጠነጠናልም። በየክንዱ መቆም ቀረ! አሜሪካዊው ጆን ቶርፕ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1828 ይህን ቀለበት ካወጣ ወዲህ ብዙ ማሻሻል ተደርጎለት፤ ዛሬ እንዝርቱ በደቂቃ ከ15,000 እስከ 20,000 ጊዜ ይሾራል። ከዚህ እጅግ እንዳይበልጥ የከለከለው ግን ያችው ቍራጭ ናት፤ በሩጫዋ ብዛት ትግላለችና። ስለዚህ በ1967 በቼኮስሎቫኪያ የወጣው ሌላው ዓይነት መኪና ቀለበቱንም ቍራጩንም ትቶ፤ ጥጡን በአየር እየሳበ እጅግ ፈጥኖ በሚዞር ትንሽ ጽዋ ውስጥ ያከረዋል፤ የጽዋውም መዞር በደቂቃ ከ100,000 በላይ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን በነቀምቴ ጓዳ የሚገባ አይደለም። እንዲህ ያለው መኪና ትልቅ ቤት፤ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ብዙ ገንዘብ ይሻል፤ ፈታይቱንም ከቤቷ አውጥቶ የደመወዝ ሠራተኛ ያደርጋታል ወይም ያለ ሥራ ይተዋታል። በእንግሊዝ አገር የሆነውን ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በ1733 ጆን ኬይ መወርወሪያን የሚያፈጥን ብልሃት ባወጣ ጊዜ ሸማኔዎች ፈጠኑ፤ ክርም አነሰ። ችግራቸው እንደኛው ነበር ማለት ነው። በ1764 ገደማ ሸማኔው ጄምስ ሃርግሪቭስ በአንድ መንኰራኵር 8 እንዝርት የሚያሾር መኪና ሠራ። ይህ መኪና ከእንጨት የተሠራ፤ በእጅ የሚዞር፤ በቤት የሚቀመጥ ነበር። ቢሆንም ጐረቤቶቹ ሥራችንን ይወስዳል ብለው ፈርተው በ1768 ከቤቱ ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት፤ እርሱም ወደ ኖቲንግሃም ሸሸ።

ሰባሪዎቹ የፈሩት ነገር መጣ፤ ነገር ግን ከሰበሩት መኪና አልመጣም። ሪቻርድ አርክራይት በ1769 በብረት ጥቅል የሚያሳሳውን መኪና በስሙ አስመዘገበ፤ መኪናውም ለሰው ክንድ የሚከብድ ስለ ሆነ በ1771 በክሮምፎርድ ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ በውሃ ኃይል አዞረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ወደ ሠራተኛው ቤት መሄዱ ቀርቶ ሠራተኛው ወደ ሥራው ቤት ይሄድ ጀመር። በ1779 ሳሙኤል ክሮምፕተን የሁለቱን ብልሃት አጋብቶ ቀጭን ክር የሚፈትል መኪና አወጣ፤ እርሱ ግን ከጥበቡ ብዙ ሳይጠቀም ቀረ። (የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ይህን ሳልጨምር አላልፍም፤ የአርክራይት መብት በ1785 በፍርድ ተሽሯል።) እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፤ የመኪናው መጠንና የሚያዞረው ኃይል ባለቤቱን እንደሚመርጥ ነው። በእጅና በእግር የሚዞር መኪና በቤት ይቀመጣል፤ ወንዝ የሚሻ መኪና ግን ወንዙን የያዘው ሰው ገንዘብ ይሆናል።

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስንሄድ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ዴዴሳ ወደ ዓባይ የሚገባ ትልቅ ወንዝ ነው። ከደጋው ብርድ ወርዶ በድልድዩ ላይ የቆመ ሰው ካቦርቱን ያወልቃል፤ ከወንዙ ተሻግሮ ወደ ጊምቢ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይለብሳል። በዚህ አገር ቡሉኮ የሚወደደው ስለዚህ ነው። ቡሉኮ እንደ ነጠላ ለጌጥ የሚጣል አይደለም፤ የሌሊት ብርድ የሚመክት፤ ሽማግሌ በጉባኤ የሚከናነበው፤ ለሙሽራም የሚሰጥ ወፍራም ልብስ ነው።

በጊምቢ አንድ ሸማኔ ሁለት ቍራጭ ሸማ አወጣልኝ፤ አንደኛው ማጉ የእጅ ፈትል፤ ሁለተኛው ማጉም ድሩም የሱቅ ክር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እንድዳስስ አዘዘኝ። የሱቁ ክር የተሸመነው ለስላሳና እኩል ቢሆንም ስስና ደረቅ ነው፤ የእጁ ፈትል ግን እንደ በግ ለምድ እጅን ይሞላል። ሸማኔውም፤ “ማግ ከከረረ ብርድ ያስገባል፤ ማግ የላላ ሲሆን ነው የሚሞቀው” አለኝ። ምክንያቱን ብንመረምር ትክክል ነው፤ ያልጠበቀ ክር በጥጡ ጭረቶች መካከል አየር ይይዛል፤ ሙቀትንም የሚጠብቀው ይህ አየር ነው። ክር የሚለውና መክረር የሚለው ቃል የተቀራረቡ ቢሆኑም፤ ሁሉ ክር እኩል ይክረር ማለት አይደለም። ድር ጠብቆ ይከራል፤ ማግ ላልቶ ይከራል፤ የቡሉኮ ማግ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ላልቶ። ስለዚህ ለወለጋ የፈትል መኪና እሠራለሁ የሚል ሰው፤ ብዙ ክር ማውጣቱን ብቻ ሳይሆን፤ ፈታይቱ የክሩን ማክረሪያ እንደ ፈቀደች የምታጠብቅበትንና የምታላላበትን መላ አስቀድሞ ያስብ። ይህ ካልተደረገ የሱቁን ክር ሁለተኛ ጊዜ መሥራት ይሆናል፤ ያን ደግሞ ፋብሪካው በተሻለ ይሠራዋል።

በቤት ውስጥ የሚገባ የፈትል መኪና ነገር በሌላ አገር በብርቱ የታሰበበት ነው። የሕንዱ ማኅተማ ጋንዲ የሚመሩት የፈታዮች ማኅበር በአውሮጳ አቆጣጠር በ1929 ለተሻለ መንኰራኵር የ100,000 ሩፒ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አወጀ። ያወጣውም ግዴታ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ መኪናው ቀላልና ከቦታ ወደ ቦታ የሚነሣ ይሁን፤ በእጅ ወይም በእግር ይዙር፤ ሴት ያለ ብዙ ድካም 8 ሰዓት ትሥራበት፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 20 ቍጥር የሆነ 16,000 ጫማ ክር ያውጣ፤ ዋጋው ከ150 ሩፒ አይብለጥ፤ 20 ዓመትም ይቆይ የሚል ነው። እንዲህ ያለ ግዴታ የሚያወጣ ሰው መኪናውን ከማየቱ በፊት ቤቱንና ሴቲቱን ያየ ሰው ነው። በኋላም በ1950ዎቹ ዓመታት ኤካምባርናት የተባለ የታሚል አገር ሰው ያወጣው “አምባር ቻርካ” የሚባል መኪና በሕንድ መንደሮች ተሠራጨ። ይህ መኪና የፋብሪካውን ጥቅልና ቀለበት አሳንሶ፤ በአንድ እጀታ 4 እንዝርት የሚያሾር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚዞር ዓይነት በዚያው አገር ወጥቷል።

በግዴታው የተባለው 16,000 ጫማ ምን ያህል እንደሚሆን አስልቼ አይቼዋለሁ። የክር ቍጥር ማለት፤ እያንዳንዱ 840 ያርድ የሆነ ስንት ጥቅል ከአንድ ፓውንድ፤ ማለት ከ454 ግራም፤ ጥጥ እንደሚወጣ የሚነገርበት ነው፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ክሩ ይወፍራል። እንግዲህ 16,000 ጫማ 4,900 ሜትር ያህል ነው፤ ክሩ 12 ቍጥር ቢሆን ክብደቱ 240 ግራም፤ 20 ቍጥር ቢሆን 144 ግራም ያህል ይሆናል። በዚህ ሒሳብ አንዲት ሴት ከ4 ቀን በጥቂት በሚያልፍ ጊዜ አንድ ኪሎ ግራም ወፍራም ክር ታወጣለች ማለት ነው። የቡሉኮ ማግ ከዚህም የወፈረ ስለ ሆነ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከእንዝርቱ ጋራ ማወዳደሩን ለአንባቢ እተዋለሁ፤ በቤቱ የፈታይ እናት ወይም አያት ያለችው ሰው ጠይቆ ይረዳዋል።

ነገር ግን የነቀምቴዋ ባልቴት የተናገሩት፤ “ሲጠሩኝ ጥዬ እነሣለሁ” የሚለው ቃል፤ ከሕንዱ ግዴታ ላይ ሊጨመር የሚገባው ነው። ሁለት እጅና ሁለት እግር የሚይዝ፤ በተቋረጠም ጊዜ ክሩ የሚበጠስ መኪና ሕፃን ላላት ሴት አይሆንም። ደግሞም ባዘቶው ሳይስተካከል ባለ ብዙ እንዝርት መኪና ከንቱ ነው፤ ጣት የባዘቶውን ጕድለት እያየ ያርማል፤ ጥቅል ግን የተሰጠውን ይስባል እንጂ አያይም። ስለዚህ ከመፍተያው አስቀድሞ የመዳመጫውና የመንደፊያው ነገር ቢሻሻል መልካም ነው። ለአንድ ቤት መንደፊያ ብዙ ቢሆንም ለሃያ ቤት አንድ ቢሆን ይበቃል።

ከጊምቢ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በነጆና በመንዲ ወደ አሶሳ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ወደ ቄለም አገር ወደ ደምቢ ዶሎ ይወርዳል። እኔ የሄድሁት በሁለተኛው ነው። ደምቢ ዶሎ፤ ጥንት ሰዮ የምትባለው፤ በሩቅ ዳር ያለች ብትመስልም የውጭ አገር ዕቃ ቀድሞ ከገባባቸው ከተማዎች አንዷ ናት። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ቦታ ስለ ተፈቀደላቸው፤ በክረምት ባሮ ወንዝ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን እየመጣ፤ ከሰዮ የወረደውን ቡና ጭኖ ጨውና አቡጀዲድ ያራግፍ ነበር፤ ቦታውም እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን መንግሥት እጅ ቆየ። ስለዚህ የወለጋ ፈታይ ከባሕር ማዶ መኪና ጋራ መወዳደር የጀመረችው ዛሬ አይደለም፤ መርከቡ አቡጀዲድ ካራገፈ ቀን ጀምሮ ነው። አቡጀዲድ ሸሚዙንና ሱሪውን ወሰደ፤ ቡሉኮውንና ጋቢውን ግን መውሰድ አልቻለም። እስከ ዛሬ ድረስም የእጅ ፈትል የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

አሁን ወደ ባልቴቲቱ ሁለተኛ ጥያቄ ልመለስ፤ መኪናው የማን ይሆናል? አንድ ሀብታም ነጋዴ ሃያ መኪና ገዝቶ በአንድ አዳራሽ ቢያቆምና ሃያ ቈነጃጅት ቀጥሮ ቢያስፈትል፤ ክር ይበዛል፤ ሸማም ይረክሳል፤ ባልቴቲቱ ግን የበርበሬዋን ገንዘብ ታጣለች። ሴቶቹ ራሳቸው በእቁብ ገንዘብ አዋጥተው አንዱን መኪና ለአራትና ለአምስት ቤት ቢያደርጉት ግን፤ ወጣቶቹ መንኰራኵሩን ያዞራሉ፤ አሮጊቶቹ ባዘቶውን ያዘጋጃሉ፤ ባዘቶ ማዘጋጀት የልምድ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነውና ዋጋ አያጣም። እቁብ ያልሁት ከውጭ የመጣ ማኅበር ከማቋቋም ይልቅ ሴቶቻችን ደንቡን አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው። ቢሆንም በወረቀት ይጻፍ። በጽሕፈት ሥራዬ ካየኋቸው ጥቃቅን ክርክሮች መካከል የፈትል ክርክር ጥቂት አይደለም፤ ጥጥ በአደራ ተቀብሎ ፈትሉን ማጕደል፤ ልቃቂትን በውሃ አርሶ መመዘን፤ ይህን የመሰለ ነው። የእጅ እንዝርት ሲሆን ክርክሩ በአንድ ልቃቂት ያልቃል፤ በጋራ የተገዛ መኪና ሲሆን ግን ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራበት፤ የተሰበረውንም ማን እንደሚያሠራ አስቀድሞ ካልተጻፈ እቁቡም ጕርብትናውም ይፈርሳል።

ደምቢ ዶሎ በወርቅ አንጥረኞቿ የታወቀች ከተማ ናት። እኔም በነቀምቴ ለባልቴቲቱ ያሳየሁትን ሥዕል ይዤ በመጀመሪያ ወደ አንድ አናጢ፤ ቀጥሎም ወደ አንድ አንጥረኛ ሄድሁ። አናጢው መንኰራኵሩን ከዋንዛ እንጨት እሠራዋለሁ፤ ወይም ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ቢገኝ ይቀላል፤ ይረክሳልም አለ። የቸገረው እንዝርቱ ነው፤ ጥቂት እንኳ የጠመመ ዘንግ በብርቱ ሲሾር ይንቀጠቀጣል፤ ክሩንም ይበጥሳል። አንጥረኛው ግን ሥዕሉን ካየ በኋላ ከሣጥኑ የወርቅ ክር የሚስብበትን ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት አውጥቶ አሳየኝ፤ ከፀጉር የቀጠነ ክር ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ እጅ ይህን ዘንግ ማቅናት አያቅተውም ሲል። አራት ዘንግ ለመሥራት ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅበትም ነገረኝ። የቀረው አናጢው የጠየቀኝ ነገር ነው። ሥዕሉ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የተሣለ ነውና፤ “የእኛ ሴቶች የሚቀመጡት በርጩማ ላይ ነው፤ እግራቸውም ይዘረጋል፤ መርገጫው ስንት ስንዝር ይራቅ?” አለኝ። ከአንጥረኛው ቤት በርጩማ አስመጥተን፤ የአንጥረኛውን ባለቤት አስቀምጠን ለካን። ቁመቱ ሁለት ስንዝር ሆነ፤ ከበርጩማው እስከ መርገጫው ያለውም አራት ስንዝር ከጋት። አናጢው ልኩን በግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈው።